የባሮሳው ሺራዝ ለምን እንደ አረቄ አቃጠለኝ?

ድሬ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ቀይ ወይን የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። እህቴ ከሜልቦርን ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። የአውስትራሊያ ነው፤ ባሮሳ ቫሊ፣ ሺራዝ ይላል። አልኮሉ 14.5 በመቶ። እኔ ያደግኩት በአክሱሚት ነው፤ ጣፋጭ ካልሆነ ወይን አይመስለኝም።

ቡሽ የለውም። እንደ ውሃ ጠርሙስ ተጠምዝዞ ይከፈታል። የባለቤቴ ወንድም ገና ሲያየው «ርካሹን ነው ያመጣችልህ» ብሎ ሳቀብኝ።

ከትናንት ወዲያ ለፋሲካ ከዶሮ ወጥ ጋር ከፈትነው። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል ሲባል ስለሰማሁ ፍሪጅ አላስገባሁትም፤ ቁምሳጥን ላይ ሰነበተ። ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮት ባዞረውም ብርሃን አያሳልፍም። ሽታው የፕሪም ማርማላታ። ደስ ሲል! ስጎነጨው ግን ጉሮሮዬን ፈጀኝ። ከዚያ ድዴ ሁሉ ድርቅ አለ፣ ስኳር የሌለው የቆየ ሻይ የጠጣሁ ይመስል። ተበላሽቶ ነው? ግማሹ አሁንም አለ።

የአደላይዷ፦
ወንድሜ፣ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የድሬ ሙቀት ነው፣ ትንሽ ደግሞ ያንተ። ያ «የክፍል ሙቀት» የሚሉት የአውሮፓን ብርዳም ቤት ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ። የድሬ ክፍል በሚያዝያ 30ን ያልፋል። ወይን ሲሞቅ ቀድሞ አፍንጫህን የሚመታው አልኮሉ ነው። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠውና እንደገና ቅመሰው።

ባሮሳ ከኛ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በጋው ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ የወይኑ ፍሬ ስኳር ያጠራቅማል። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይረዋል፣ በሙቀቱ ደግሞ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ማርማላታ የሸተተህም ለዚህ ነው። ሺራዝ የወይን ዘር ስም ነው፤ ያው ዘር ፈረንሳይ፣ ሰሜን ሮን ሸለቆ ላይ ሲራ ይባላል፤ እዚያ ቀዝቀዝ ስለሚል ቀጠን ያለ ነው፣ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል። ድድ የሚያደርቀው ታኒን ነው፣ ከወይኑ ልጣጭና በውስጡ ካለው ጠጣር ዘር የሚመጣ። ሻይ ያልከው ትክክል ነህ፣ ሻይም ታኒን አለው።

ክዳኑን በተመለከተ ለአማችህ ንገረው፦ እዚህ ውዱም በዚያው ክዳን ይመጣል።

ቦሌ አስተናጋጅ፦
ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። ዶሮ ወጥ! በበርበሬ በተቃጠለ አፍ ላይ 14.5 በመቶ አልኮል ማፍሰስ እሳት ላይ ላምባ እንደ መጨመር ነው። እኔ ለደንበኞቼ እንዲህ ያለውን የማቀርበው ከጎድን ጥብስ ጋር ነው፣ አዋዜውን አርቄ። ስቡ ድርቀቱን ያለሰልሰዋል።

የአገራችንንም ሲራ ሞክር፣ የባቱውን ሪፍት ቫሊ። ባቱ ቆላ ትመስላለች እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ለኔ ምላስ ከባሮሳው ይቀላል።

የተረፈህን ደግሞ አታቆየው። ከፍተህ ሦስት አራት ቀን ካለፈው ለወጥ ነው የሚሆነው።

ድሬ ልጅ፦
ተመለስኩ። 30 ደቂቃ ፍሪጅ፣ ከዚያ ከበግ ጥብስ ጋር። ሌላ ወይን ነው የሆነው! ማቃጠሉ ጠፋ፣ ፕሪሙ ቀረ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ጥቁር ቸኮሌት መረር ይላል። ድድ ማድረቁ አለ፣ ግን ስጋው ሲመጣ ይረሳል። የባለቤቴ ወንድም ሁለተኛ ብርጭቆ ራሱ ቀዳ። «ርካሹ ይሄ ከሆነ፣ ውዱን ትላክልን» አለ።