ፓርቲሽኑ ዲስኩን አያይም፣ ስዊቹ ደግሞ ፓርቲሽኑን አያይም፤ ምን ላድርግ?

የማታ ሺፍት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተኛሁም፣ ፊደል ብስት ይቅርታ። አንድ አይቢኤም ፓወር ሰርቨር ላይ ስምንት ፓርቲሽን (እያንዳንዱ እንደ ራሱን የቻለ ማሽን የሚሠራ የሰርቨሩ ክፍልፋይ) አለን። አንዱን ለጥገና አጠፋነው፣ መልሰን ስናስነሳው እምቢ አለ። ኤችኤምሲው (ሰርቨሩን የምናስተዳድርበት ኮንሶል) ላይ ኤኤ060011 የሚል ኮድ ያወጣና እዚያው ይሽከረከራል። ትርጉሙን አይቻለሁ፤ ፈርምዌሩ (ማሽኑን የሚያስነሳው አብሮት ያለ ፕሮግራም) ኦፕሬቲንግ ሲስተም አላገኘም፣ ቡት ሊስቱ (ከየት እንደሚነሳ የተጻፈበት ዝርዝር) ላይ ካሉት ዲስኮችም ቢያንስ አንዱ አልታየውም ማለት ነው። ኤአይኤክሱ (ኦፕሬቲንግ ሲስተማችን) ያለው ሳን (የስቶሬጅ ኔትወርክ) ላይ ነው፣ በቪአይኦኤስ (ካርዶቹን ለሌሎቹ የሚያጋራው ፓርቲሽን) በኩል በኤንፒአይቪ (አንድን የፋይበር ወደብ ለብዙ ቨርቹዋል አዳፕተሮች በማካፈል) ነው የሚደርሰው። የስቶሬጅ ባልደረባዬ «የሰጠሽኝ የአዳፕተር ቁጥር የሳኑ ስዊች ላይ የለም፣ መጀመሪያ ማሽንሽን አስነሺ» ይለኛል። ዲስኩ ካልታየ በምን ላስነሳው? ከመጥፋቱ በፊት ደህና ነበር፣ ምንም አልነካንም። አለቃዬ በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል።

ገመድ ዘርጊ፦
ዞኒንጉ ነው፣ ስዊቹ ላይ ማን ከማን ጋር እንዲገናኝ የሚፈቅደው። ሁሌም ዞኒንጉ ነው። ስዊቹን ሪስታርት አድርጉት።

ጋሽ ቴፕ፦
ኧረ ስዊቹን እንዳትነኩ! የቀሩት ሰባቱ በሱ ላይ አይደል እንዴ የሚሠሩት?
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገርሽ። ፓርቲሽን ሲነሳ ፈርምዌሩ ያለውን ዕቃ ሁሉ አይቀሰቅስም። ቡት ሊስቱን ያነባል፣ እዚያ ላይ የተጻፈውን መንገድ ብቻ ይከፍታል። መንገዱ ማለት የአዳፕተሩ ስሎት፣ የስቶሬጁ ወደብ ቁጥርና የሉኑ (ስቶሬጁ የሚሰጠው ዲስክ) ቁጥር ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተለወጠ ዲስኩ በአካል ቢኖርም ለሱ የለም። ኤንፒአይቪ ላይ ደግሞ ቨርቹዋል አዳፕተሩ ወደ ስዊቹ ሎጊን የሚያደርገው አንድ ሰው ሲጠቀምበት ብቻ ነው፤ ወይ ኤአይኤክሱ፣ ወይ ፈርምዌሩ። ፓርቲሽኑ ጠፍቶ ቪአይኦኤሱ ላይ «አልገባም» የሚል ስታተስ ብታዪ አትደንግጪ፣ ጤነኛ ነው።
አሁን ይህን አድርጊ። ፓርቲሽኑን ወደ ኤስኤምኤስ ሜኑ አስነሺው (የስልኩ ኤስኤምኤስ አይደለም፣ የፈርምዌሩ ሜኑ ነው)። ሜኑው ላይ መድረስ ብቻውን አይበቃም። ቡት ኦፕሽን ውስጥ ገብተሽ ዕቃዎችን በሙሉ ዘርዝር በይው። ያኔ ነው ፈርምዌሩ አዳፕተሮቹን አንድ በአንድ እየከፈተ የሚፈትሸው። ባልደረባሽ በዚያች ሰዓት ስዊቹ ላይ ዓይኑን ይትከል።

ሲስተም ዱባይ፦
ጋሽ ቴፕ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ከኤስኤምኤስ ጋር ከመሯሯጥ ኤችኤምሲው ራሱ ላይ «ሲኤችኤንፖርትሎጊን» የሚል ትእዛዝ አለ። ፓርቲሽኑ ጠፍቶ እያለ አዳፕተሮቹን ሎጊን ያደርግልሻል፣ ሎጋውት እስክትዪው ድረስ እዚያው ይቆያሉ። የስቶሬጁ ሰው ተረጋግቶ ያያቸዋል። እያንዳንዱ ቨርቹዋል አዳፕተር ሁለት ደብልዩደብልዩፒኤን (ስዊቹ የሚያውቀው የአዳፕተር ቁጥር) እንዳለውም እንዳትረሺ። ሁለተኛው ፓርቲሽኑ እየሠራ ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ነው የሚያስፈልገው፣ ብዙ ሰው ዞን ውስጥ ሳያስገባው ይቀርና የዝውውሩ ቀን ጉድ ይፈላል።
በነገራችን ላይ ይህ የአይቢኤም ጠባይ ብቻ አይደለም። ዩኢኤፍአይ (ሌላ ዓይነት ፈርምዌር) ያላቸው ሰርቨሮችም ፈጣን ቡት ሲበራ የሚያገናኙት ቡት የሚደረግበትን መንገድ ብቻ ነው፣ አንቺ ካላዘዝሻቸው የቀረውን ዞር ብለውም አያዩት።

የማታ ሺፍት፦
ሲስተም ዱባይ ያልከውን ትእዛዝ ሰጠሁት። ስዊቹ ላይ አዲስ ሎጊን መጣ! ግን ባልደረባዬ «ይሄ ያንቺ አይደለም» አለ። እሱ የያዘው ኤክሴል ላይ ያለው ቁጥር መጨረሻው 14 እና 15 ነው። አሁን የገባው በ18 እና በ19 ያልቃል። መጀመሪያው ያው ሲ05076 ነው። ከየት መጣ ይሄ?

ጋሽ ቴፕ፦
አገኘሁሽ። ይህን አዳፕተር መጀመሪያ የጨመራችሁት ፓርቲሽኑ እየሠራ ነበር?

የማታ ሺፍት፦
አዎ፣ ከወራት በፊት ዲስኩን ወደ አዲሱ ስቶሬጅ ስናዛውር። በዲኤልፓር (ፓርቲሽኑ ሳይጠፋ ዕቃ መጨመሪያ) ጨመርነው፣ በኋላ ደግሞ እንዳይጠፋ ብዬ ፕሮፋይሉን (ፓርቲሽኑ ሲነሳ የሚሰጠው የዕቃ ዝርዝር) ኤዲት አድርጌ ያንኑ አዳፕተር በእጄ አስገባሁት።

ጋሽ ቴፕ፦
ያንኑ አይደለም! በእጅሽ ስትፈጥሪው ኤችኤምሲው አዲስ ጥንድ ቁጥር ሰጠው። አንዴ ያወጣውን ቁጥር ለሌላ አይደግመውም። እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረው በዲኤልፓር የገባው ነው፣ ዘግታችሁ ከፕሮፋይሉ ስታስነሱት ቀረ። ስትከፍቱት የተነሳው ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ሌላኛው ነው። «ምንም አልነካንም» ያልሽው እውነትሽን ነው፣ የተነካው ያኔ ነው።
መውጫው ሁለት ነው። ወይ ስዊቹና ስቶሬጁ ላይ አዲሶቹን ቁጥሮች ማስገባት፣ ወይ በኤችኤምሲ ትእዛዝ ፕሮፋይሉ ላይ የድሮዎቹን መጻፍ። እንቅልፍ ላጣ ሰው የመጀመሪያው ይሻላል። የስሎቱ ቁጥር ተለውጦ እንደሆነ ግን ቡት ሊስቱም አይገጥምም፣ ያኔ ዲስኩን ከኤስኤምኤስ ራስሽ ምረጪ።

የማታ ሺፍት፦
ተነሳ!! 18ንም 19ንም ዞን ውስጥ አስገባን፣ ስቶሬጁ ላይ ሉኑን ለነሱ ሰጠን። ስሎቱም ተለውጦ ኖሮ ዲስኩን ከኤስኤምኤስ መረጥኩ፣ ከገባሁ በኋላ ቡት ሊስቱን አስተካከልኩ። ጋሽ ቴፕ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቡና አለብኝ። ለወደፊቱስ በዲኤልፓር ስጨምር ምን ላድርግ?

ጋሽ ቴፕ፦
ፕሮፋይሉን በእጅ አትንኪ። ኤችኤምሲው ላይ አሁን ያለውን ኮንፊግሬሽን ወደ ፕሮፋይል አስቀምጥ የሚል አማራጭ አለ፣ እሱን ተጫኚ። ቁጥሮቹም እንዳሉ ይገባሉ። ያንን ኤክሴልም ዛሬውኑ አስተካክሉት፣ ከዚያ ሂጂና ተኚ።

ገመድ ዘርጊ፦
ቆይ፣ ታዲያ በመጨረሻ ያስተካከላችሁት ምንድን ነው? ዞኒንግ። አላልኩም?