ዳማ ካንሰር አለባት ተባልኩ፤ እስከ ሐሙስ 60 ሺህ ብር እንዴት ላሰባስብ?

የዳማ እናት፦ ሰላም ወገኖች፣ በጣም አስቸኳይ ነው። ዳማ ካንሰር አለባት ተባልኩ። ሐሙስ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ብለው 60 ሺህ ብር ጠየቁኝ። እጄ ላይ ያለው 11 ሺህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ የሚሰበሰብበትን ጎፈንድሚ ልከፍት ብል ኢትዮጵያ የሚል ምርጫ የለውም። በዚህ መንገድ ገንዘብ ያሰባሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

አያት አደባባይ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ልጅሽ ናት?

የዳማ እናት፦ ውይ ይቅርታ፣ ውሻዬ ናት። 5 ዓመቷ ነው። ቡችላ ሆና ከመንገድ ነው ያነሳኋት።

የመርካቶ ልጅ፦ ቴሌብር ቁጥርሽን አስቀምጪ፣ ሰው ይልክልሻል።

እውነቱን ልናገር፦ እህቴ አትቀየሚኝ። ጥቁር አንበሳ የታመመ ልጁን አቅፎ ከክፍለ ሀገር የመጣ ወላጅ አለ። የወንድሜን ልጅ ሳስታምም በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ኑሮ ለውሻ 60 ሺህ መለመን ከበደኝ። ሌላ ታሳድጊያለሽ።

የዳማ እናት፦ የወንድምህን ልጅ ፈጣሪ ይማርልህ። ለእሱም ቢለመን አዋጣለሁ። ግን እናቴ ያረፈች ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ ሲበተን እግሬ ስር የቀረችው ዳማ ናት። ዝም ብዬ ልያት?

ቨርጂኒያ ነኝ፦ ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ላለ ሰው አይከፍትም፣ ልክ ነሽ። እዚህ ያለ ዘመድ በራሱ ስም ከፍቶ፣ ገንዘቡ ለማን እንደሆነና እንዴት እንደሚደርስ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 የአሜሪካ ሳንቲም ይቆረጣል። ደግሞ የውሻ ፎቶ ከኢንተርኔት እያነሳ የሚለምን ስለበዛ ሰው ይጠራጠራል። የክሊኒኩን የዋጋ ወረቀት ለጥፊ። ከተቻለ ገንዘቡ በቀጥታ ለክሊኒኩ ይግባ።

ቶራ ቡላ፦ ዳማ ግቢ ትጠብቃለች አይደል? የአምስት ዓመት የዘበኛ ደሞዝ አለባቸው፣ አከራይሽንና ተከራዮቹን ጠይቂ 😄 የምሬን ነው፣ አንድ ግቢ ተሰብስቦ ቢያዋጣ ቀላል ብር አይደለም።

የቢሾፍቱ ሐኪም፦ እህት፣ ከገንዘቡ በፊት አንድ ጥያቄ። ዕጢው የት ላይ ነው? ናሙና ተወስዶ ታይቷል?

የዳማ እናት፦ ናሙና አልተወሰደም፣ በዓይን አይተው ነው። ከኋላዋ ደም መጠባጠብ ከጀመራት ሁለት ወር ሊሆናት ነው። ፔሬድ መስሎኝ በረንዳው ላይ በጨርቅ እየጠረግኩ እከተላት ነበር። ትናንት ጅራቷን ቀና ሳደርግ አበባ ጎመን የመሰለ ቀይ ሥጋ ወጥቷል። ሲነካ ይደማል።

የመርካቶ ልጅ፦ ቴሌብር አስቀምጪ እህቴ።

ሰፈር ሰው፦ ለሕመሙ ዲክሎፌናክ ስጫት፣ ለእኔ ወገብ ፍቱን ነው።

የቢሾፍቱ ሐኪም፦ እንዳትሰጪያት! ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው። የውሻ ፔሬድ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፣ ሁለት ወር አይቆይም። የነገርሽኝ ቲቪቲ የምንለውን ይመስላል። በግንኙነት የሚተላለፍ የውሻ ዕጢ ነው። የካንሰሩ ሴል ራሱ ከውሻ ወደ ውሻ ይሄዳል። ስሙ ያስፈራል እንጂ በደንብ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው። ለማረጋገጥ ዕጢውን ስላይድ የሚባል ስስ መስታወት ላይ ነካ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። እሱ ከሆነ ዋናው ሕክምና ቪንክሪስቲን የሚባል መርፌ ነው። በሳምንት አንዴ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በቀዶ ጥገና ብቻ ከተነሳ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ሳላያት ስለሆነ የምናገረው ሌላ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ግን ስላይድ ሳይታይ ሐሙስ ቢላ እንዳይነካት። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ውሻም ያያል።

የዳማ እናት፦ ዶክተር እጅዎን ይባርከው። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው። መርፌውን ሰፈር ያለ ነርስ ሊወጋት ይችላል?

የቢሾፍቱ ሐኪም፦ አይሆንም። ከደም ሥር ውጪ ትንሽ ከፈሰሰ ሥጋውን ያቆስላል። ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ነጭ የደም ሴሏ መታየት አለበት። ከተወጋች በኋላ ለጥቂት ቀናት ሽንቷን በጓንት አጽጂ፣ ነፍሰ ጡር አትጠጋት። መድኃኒቱ ለሰው የሚሰጠው ራሱ ስለሆነ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይገኝም።

እውነቱን ልናገር፦ እንዲህ ከሆነ እኔም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ለስላይዱ 500 ብር አለኝ።

አያት አደባባይ፦ እቁብ አለሽ? ዳኛውን አናግሪ። እኛ ጋ አንዷ ባሏ ታሞ ዕጣዋን አስቀድመውላታል። ልመናም ብድርም አይደለም፣ የራስሽ ብር ነው።

የዳማ እናት፦ አለኝ፣ የሥራ ቦታ እቁብ። አላሰብኩትም ነበር! ነገ ጠዋት ዳኛውን አናግሬ ቢሾፍቱ እወስዳታለሁ። የሐሙሱን ሰርዣለሁ። ውጤቱን እነግራችኋለሁ።

ቨርጂኒያ ነኝ፦ ሳምንት አለፈ እህቴ፣ ስላይዱ ምን አለ? መድኃኒቱ ከታዘዘላት የመጀመሪያውን መርፌ እኔ እከፍላለሁ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ።

የመርካቶ ልጅ፦ ቴሌብሩስ?