ዛሬ ማታ በረራ አለኝ፣ ሻንጣዬ ተበላሸ፤ የሮሙ የእሁድ ገበያ አሁን ክፍት ነው?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ሻንጣዬ እያሸግኩ ሳለ ተበላሸብኝ። ማታ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። እዚህ ሰፈር ያሉት ሱቆች በሙሉ ዝግ ናቸው። ያረፍኩበት ቤት ሴትዮ «እሁድ መንገድ ላይ የሚቆም ትልቅ ገበያ አለ፣ ሻንጣ በርካሽ ታገኛለሽ» አለችኝ። ፖርታ ፖርቴዜ ነው ያለችኝ። እስከ ስንት ሰዓት ነው? እንዴት ይኬዳል?

የትራስቴቬሬ ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ትደርሺያለሽ። ገበያው እሁድ ጠዋት ብቻ ነው። በሐበሻ እስከ 8 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ በጣሊያኖቹ ሰሌዳ 14:00 የሚለው ማለቴ ነው። ግን ከ7 ሰዓት ጀምሮ ዕቃቸውን መጠቅለል ስለሚጀምሩ አሁኑኑ ተነሺ። የት ነሽ? ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከሆንሽ ኤች የሚል አውቶቡስ ያዢ። ቪያሌ ትራስቴቬሬ ላይ ውረጂ፣ ከዚያ ትንሽ በእግር ነው። ሕዝቡ ራሱ ይመራሻል።

ነባሩ፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ቦታውን እወቁት። ፖርታ ፖርቴዜ የገበያው ስም ከመሆኑ በፊት የከተማው ቅጥር በር ነው። በሩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ዛሬም ቆሟል። ገበያው ግን የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ነው። ያኔ ሮም ውስጥ ሁሉ ነገር ጠፍቶ ስለነበር ሰው ያለውን አውጥቶ ይሸጥ ነበር። አሮጌ ዕቃ እዚያ የበዛው ለዚህ ነው። የሚሄድ ሰው ይህን አውቆ ቢያየው ደስ ይላል።

ስንቅ አሳሪዋ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን በጣም ወደድኩት፤ ልጅቷ ግን ዛሬ ማታ ነው የምትበረው! እህቴ፣ እኔ የምፈራልሽ ሌላ ነው። እዚያ ገበያ ሻንጣ ልትገዢ ገብተሽ ሁለተኛ ሻንጣ የሚፈልግ ዕቃ ይዘሽ ትወጫለሽ 😂 ገመድ ግዢና እሰሪው። በቃ።

ኤስኩዊሊኖ፦
ቆይ፣ ለምን ገበያ ትሄዳለች? ተርሚኒ አጠገብ ፒያሳ ቪቶሪዮ ዙሪያ ቻይናዎቹ ሱቅ ውስጥ ሻንጣ ሞልቷል። እሁድም የሚከፍቱ አሉ። ተርሚኒ ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሱቆችም እሁድ ይሠራሉ፣ ዋጋቸው ግን ከበድ ይላል። ለአንድ ሻንጣ ከተማ ማቋረጥ ምን ያደርጋል?

መንገደኛዋ፦
ተርሚኒ አይደለሁም፤ ቴስታቾ ነኝ። የተበላሸው ዚፑ ነው። የዚፑ ራስ ይሄዳል፣ ግን ከኋላው ተመልሶ ይከፈታል። ለእናቴ የያዝኩት ሞካ (የቡና ማፍያ) እና የክርስትና ልብስ ውስጡ አለ። እንዲሁ ማስረከብ ፈራሁ።

የትራስቴቬሬ ልጅ፦
ቴስታቾ? እህቴ፣ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪን! አውቶቡስ ምን ያደርግልሻል፤ ወንዙን በፖንቴ ሱብሊቾ ተሻገሪ፣ በሩ ፊት ለፊትሽ ነው።

ባለ ጋራዡ፦
ሻንጣ ከመግዛትሽ በፊት ይህን ሞክሪ። ጥርሱ ካልተሰበረ ዚፑ አልሞተም። የላላው የዚፑ ራስ ነው። ራሱን እስከ መነሻው መልሺው። ከዚያ በፒንሳ ግራና ቀኙን ተራ በተራ ጫን አድርጊ፣ ቀስ ብለሽ። ከኋላ በኩል ያለው ክፍተት ነው መጥበብ ያለበት። አንዴ አጥብቂ፣ ጎትተሽ እዪ፣ ካልያዘ ትንሽ ጨምሪ። በኃይል ከጨመቅሽው ይሰነጠቃል፣ ያኔ ነገር ተበላሸ። ፒንሳ ከሌለሽ ያው ገበያ ውስጥ አሮጌ የእጅ መሣሪያ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ አሉ። ፒንሳውን ታዲያ በእጅ ቦርሳሽ ይዘሽ አውሮፕላን እንዳትገቢ፣ ፍተሻ ላይ ሊወስዱብሽ ይችላሉ።

ስንቅ አሳሪዋ፦
ገመድ አልኩ እኮ። ኤርፖርት ደግሞ በፕላስቲክ የሚጠቀልሉ አሉ። ፊዩሚቺኖ ገብተሽ አስጠቅልዪው።

ሚላኖ ያለሁት፦
እኔም ያንኑ ልል ነበር። ኤርፖርት ላይ በፕላስቲክ አስጠቅልዪው።

ባለ ጋራዡ፦
መጠቅለሉ ጥሩ ነው። ዚፑ ክፍት ሆኖ ከሆነ ግን ፕላስቲኩ ሲቀደድ ዕቃው ይበተናል። መጀመሪያ ዚፑ ይያዝ።

እናት ጓዳ፦
ልጄ፣ መግዛቱ ግድ ከሆነብሽ ስሚኝ። ከበሩ ገብተሽ ቪያ ፖርቱዌንሴን ይዘሽ ሂጂ። አዲስ ልብሱ፣ ጫማው፣ ቦርሳውና ሻንጣው እዚያ ነው። ወደ ፒያሳ ኢፖሊቶ ኒዬቮ ከዘለቅሽ አሮጌ ዕቃ ነው የሚገጥምሽ፤ የመብራት ማቀፊያ፣ ሰዓት፣ የድሮ ፎቶ። ቆንጆ ነው፣ ለዛሬ ግን አይሆንሽም።

ሻንጣውን ሳትፈትሺ ገንዘብ እንዳትሰጪ። ዚፑን ዙሪያውን አንዴ ዝጊ፣ አንዴ ክፈቺ፤ ማዕዘኑ ላይ ሲያዝ ታዪዋለሽ፣ ርካሹ ሻንጣ የሚከዳው እዚያ ነው። እጀታውን እስከ ላይ ሳቢና ወዲያና ወዲህ አወዛውዢው። ከዚያ መሬት ላይ አስቀምጠሽ ግፊው። እዚያ መንገዱ ወጣ ገባ ስለሆነ ደካማ ጎማ ወዲያው ይታወቃል። ቁጥር ያለው ቁልፍ ካለው ሻጩ ፊትሽ ከፍቶ ዘግቶ ያሳይሽ። ውስጡን በመዳፍሽ ዳብሺ፣ ገበሩ የተላቀቀ እንዳይሆን። መጠኑም እንዳያታልልሽ፤ ለአየር መንገዱ የምታስረክቢው ሻንጣ ቁመት፣ ወርድና ጥልቀቱ ሲደመር ከ158 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ዋጋ ሲጠሩልሽ ወዲያው እሺ አትበዪ። ትንሽ ራመድ በዪ፣ ራሳቸው ይጠሩሻል። ዝርዝር ብር ያዢ፤ አብዛኞቹ ካርድ አይቀበሉም።

ነባሩ፦
እናት ጓዳ እንዳለችው ነው። የምጨምረው አለኝ። ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ፣ ፓስፖርትሽን ቤት ተይው። ግፊያ ሲበዛ የኪስ ሌባም ይበዛል። የታዋቂ ማርካ ስም ያለበት ርካሽ ሻንጣም አትንኪ። ጣሊያን ውስጥ ሐሰተኛ ማርካ የገዛ ሰው ራሱ ይቀጣል፤ ቅጣቱ እስከ 7,000 ዩሮ ሊደርስ ይችላል። ይህን ስንቱ እንግዳ ሳያውቅ ይገባበታል።

ኤስኩዊሊኖ፦
ቴስታቾ ከሆነች እኔም ተረታሁ፣ ገበያው ይቀርባታል። ወደ ኤርፖርት ስትሄጂ ግን እስከ ተርሚኒ አትመለሺ። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው ባቡር ኦስቲየንሴም ትራስቴቬሬም ላይ ይቆማል፣ ቀጥታ ፊዩሚቺኖ ያደርስሻል። 8 ዩሮ ነው። ለቴስታቾ ኦስቲየንሴ ይቀላል።

መንገደኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ድልድዩ ላይ ነኝ። መጀመሪያ ፒንሳውን እፈልጋለሁ፤ ዚፑ እምቢ ካለ ተመልሼ ሻንጣውን እገዛለሁ። ፒንሳ በጣሊያንኛ ምን ልበል?

ባለ ጋራዡ፦
ፒንዛ በዪ፣ ይገባቸዋል።

እናት ጓዳ፦
ልጄ፣ ምን ሆነ? ያዘልሽ?

የትራስቴቬሬ ልጅ፦
8 ሰዓት አልፏል። እህቴ፣ እስቲ ድምፅሽን አሰሚን።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ሮም እገባለሁ፤ ቅዳሜ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ። ይሄው ገበያ ቅዳሜ ይቆማል?

የትራስቴቬሬ ልጅ፦
አይቆምም ወንድሜ፣ እሁድ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሆነ ቴስታቾ ውስጥ የተሸፈነ የምግብ ገበያ አለ፣ እሱን እይ። አሮጌ ዕቃ ከሆነ የምትፈልገው ግን በረራህን ወደ እሁድ ማታ ግፋው።