የማንን የቧንቧ ኦርጋን አጨዋወት ትወዳላችሁ? ምኑስ ነው የሚለየው?

ማይን ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁም። የቧንቧ ኦርጋን የምትሰሙ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ ስላየሁ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው። የማንን አጨዋወት ትወዳላችሁ? እባካችሁ "ጎበዝ ነው" ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ጉብዝናው ምኑ ላይ እንደሆነ ንገሩኝ።

ነገሩ የሚከነክነኝ በመሣሪያው ጠባይ ምክንያት ነው። ፒያኖ ቀስ ብለው ሲነኩት ይለሰልሳል፣ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ይጮኻል። ኦርጋን ላይ ግን የጣት ሥራ ከቧንቧው ሥር ያለችውን የነፋስ በር መክፈትና መዝጋት ነው። በጡጫ ቢሉትም በጣት ጫፍ ቢነኩትም የድምፁ ጉልበት ያው ነው። ታዲያ ሁለት ሰዎች በአንድ ኦርጋን፣ ያንኑ ድርሰት፣ ያንኑ የቧንቧ ረድፍ ከፍተው ሲጫወቱ የአንዱ ልብ ሲሰርቅ የሌላው ለምን ያሰለቻል? እኔ እንደሚገባኝ ሚስጥሩ ያለው ጣት ከቁልፉ በሚነሣበት ቅጽበት ላይ ነው። አንዱን ድምፅ መቼ ቆርጦ ለሚቀጥለው ቦታ እንደሚለቅ የሚያውቅ ሰው ነው ኦርጋንን የሚያናግረው።

የእኔ ሰው ሄልሙት ቫልኻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ላይፕሲግ ተወለደ፤ በ19 ዓመቱ የዓይኑን ብርሃን ጨርሶ አጣ። እኔ በምኖርበት ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር ባለው የድራይኩኒግስ ቤተ ክርስቲያን ከ1946 እስከ 1981 ኦርጋን ሲጫወት ኖሯል። የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን የኦርጋን ድርሰቶች ከሞላ ጎደል በሙሉ በቃሉ ይዞ ሁለት ጊዜ ሸክላ ላይ አስቀርጿቸዋል። የሚማረው እንዴት መሰላችሁ? እናቱ፣ በኋላም ባለቤቱ፣ ድርሰቱን መስመር በመስመር ለየብቻው ይጫወቱለታል። የላይኛውን ዜማ ብቻ፣ ከዚያ የመካከለኛውን ብቻ፣ ከዚያ በእግር የሚጫወተውን ብቻ። እያንዳንዱን ከያዘ በኋላ እሱ ራሱ አእምሮው ውስጥ ያገጣጥማቸዋል።

ይህ አጨዋወቱ ላይ በግልጽ ይሰማኛል። ከባኽ ትሪዮ ሶናታዎች አንዱን ከፍታችሁ ስሙ። ቀኝ እጅ በአንድ ኪቦርድ፣ ግራ እጅ በሌላ ኪቦርድ፣ እግር ደግሞ በፔዳል፣ ሦስቱም የየራሳቸውን ዜማ ይዘው ይሄዳሉ። ቀኝ እጁ ዜማውን የት ላይ ቆረጥ እንዳደረገው ልብ በሉ፤ ግራ እጁ ያንኑ ዜማ ሲቀበል እዚያው ቦታ ላይ ቆረጥ ያደርገዋል። ግራው የቀኙ አጃቢ አይደለም። ሁለቱም እኩል ተናጋሪ ናቸው።

የመጀመሪያው ቅጂ (ከ1947 እስከ 1952) ለእኔ ይበልጣል። ባኽ በ1705 ዝነኛውን ኦርጋን ተጫዋች ቡክስተሁደን ለመስማት ከአርንሽታት በእግሩ የሄደባት የሉቤክ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኖቿን በ1942 የቦምብ ድብደባ አጥታለች። ቫልኻ የተጫወተው እዚያው ሉቤክ ውስጥ ከጦርነቱ በተረፈው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ኦርጋን ላይና ካፔል በምትባል መንደር ባለው ኦርጋን ላይ ነው። የካፔሉን ኦርጋን አርፕ ሽኒትገር በ1680 ለሃምቡርግ ሠርቶት፣ በ1816 ወደ መንደሯ የተዛወረ ነው። ከተማ ውስጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንሰማው ነበር ወይ እላለሁ።

ሴን ማዶ፦

ማይን ዳር እህቴ፣ ቫልኻን አከብረዋለሁ፤ ግን ብዙ ስሰማው ይከብደኛል። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ተቀምጧል፣ የሚያፈተልክ ነገር የለውም። እኔ የፈረንሳዊቷ ኦርጋን ተጫዋች የማሪ ክሌር አላን ሰው ነኝ (1926–2013)። ባኽን በሙሉ ሦስት ጊዜ አስቀርጻለች፤ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ስለ ድሮ ኦርጋኖችና ስለ ባኽ ዘመን አጨዋወት ጥናቱ እየሰፋ ሲመጣ እሷም አጨዋወቷን ቀየረች፣ በመጨረሻውም የባኽን ዘመን ኦርጋኖች ፈልጋ ተጫወተች። ያን ያህል ስም ካተረፉ በኋላ እንደገና ተማሪ መሆን ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን የወንድሟን የዣን አላንን ሊታኒ ስትጫወት ስሟት። ድርሰቱን የጻፈው በ1937 ነው፤ በጁን 1940 ፈረንሳይ ውስጥ ሶሚር ከተማ አጠገብ በጦርነቱ ሲሞት 29 ዓመቱ ነበር፣ እሷ ደግሞ ገና 13። አንድ አጭር ዜማ መጀመሪያ ያለ አጃቢ ብቻውን ይገባል። ከዚያ እየተደጋገመ፣ እየፈጠነ፣ እንደ እግዚኦታ እየበረታ ይሄዳል። ብዙዎች ከመነሻው ይሮጡበትና መጨረሻው ላይ የሚጨምሩት ያጣሉ። እሷ ስትጫወተው በዚያ ሁሉ ፍጥነት ውስጥ እያንዳንዷ ልመና ለብቻዋ ትሰማለች።

ባለ ኪቦርድ፦

እኔ አዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ የቧንቧ ኦርጋን በአካል ሰምቼ አላውቅም፣ በዩቲዩብ ነው የምከታተለው። የቫልኻ ነገር ደነቀኝ። ዓይነ ስውር ሆኖ ዜማ በቃል ማውጣት ለእኛ አገር ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ግን የእኛ ዜማ አንድ መስመር ነው፤ አራት መስመር ለየብቻ ይዞ አንድ ላይ ማስኬድ ሌላ ነገር ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ያለ ኖታ እዚያው እየፈጠረ የሚጫወት ሰው ትጠቁሙኛላችሁ? እኛም አምልኮ ላይ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው የምንጫወተው። ሁለተኛ፣ እህቴ ጣት ስለሚነሣበት ቅጽበት ያልሺውን ኪቦርድ ላይ መለማመድ ይቻላል?

ሴን ማዶ፦

ወንድሜ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄህ ኦሊቪዬ ላትሪን ስማ። በ1985 ገና በ23 ዓመቱ ከፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ኦርጋን ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። በአፕሪል 15 ቀን 2019 ካቴድራሉ ሲቃጠል ኦርጋኑ ከእሳቱ ተረፈ፤ ግን እርሳስ ያለበት አቧራ ወርሶት ስለነበር ወደ 8000 የሚጠጉት ቧንቧዎቹ መጽዳት ነበረባቸው። በዲሴምበር 7 ቀን 2024 ካቴድራሉ ሲከፈት ሊቀ ጳጳሱ "ንቃ" ብለው ጀምረው ኦርጋኑን ስምንት ጊዜ ጠሩት፤ በየጥሪው ላትሪና ሦስት ባልደረቦቹ እየተፈራረቁ እዚያው በፈጠሩት መለሱ። ቪዲዮው አለ። መጀመሪያ ላይ የሚከፈተው ድምፅ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ አስተውል። ያን ሁሉ ቧንቧ ይዞ በትንሹ መጀመር ነው የላትሪ ጉብዝና። ከወደድከው በ1955 እዚያው የተሾመውን ፒየር ኮሽሮን ፈልግ፤ በዚህ ሙያ እሱን የሚስተካከል አልሰማሁም።

ማይን ዳር፦

ባለ ኪቦርድ፣ በደንብ ይቻላል። ኪቦርድህ ላይ የጣት ጥንካሬን የሚለየውን ማስተካከያ አጥፋው፤ ያኔ ብትመታውም ብትዳስሰውም ድምፁ እኩል ይሆናል። ድምፅ የሚያራዝመውን ሰስቴይን ፔዳልም ተወው። ከዚያ ቀላል መዝሙር ምረጥና የላይኛውን ዜማ ብቻ፣ ድምፆቹን አንዴ እያያያዝክ፣ አንዴ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት እየተውክ ተጫወት። ጠንከር ብሎ እንዲሰማ ከምትፈልገው ድምፅ በፊት ያለውን ትንሽ ቀደም ብለህ ልቀቀው፤ ምንም ሳትጨምርበት ጎላ ብሎ ይወጣልሃል። ቀጥለህ የባሱን መስመር ለብቻው እንዲሁ አድርግ። ሁለቱን አንድ ላይ የምታመጣቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴን ማዶ ወንድሜ፣ አላንን ዛሬ ማታ ከፍቼ እሰማታለሁ፤ በተለይ ሦስተኛውን ቅጂ። በቫልኻ ግን አልስማማህም። የሚያፈተልክ ነገር የለውም ያልከው ዋናውን ዜማ ብቻ ስትከተለው ይመስለኛል። አንድ ጊዜ የግራ እጁን ብቻ ተከትለህ ስማውና ተመልሰህ ንገረኝ።