የዲሲ ፕራይመሪ፦ ፓርቲ የሌለው መራጭ ይግባ ወይስ አይግባ?

ጥያቄውን ያነሳው
ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲ የምትኖሩ ሐሳባችሁን ስጡበት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 ኢኒሼቲቭ 83 (ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ያቀረቡት የሕግ ሐሳብ) ለሕዝብ ቀርቦ በ73 በመቶ ገደማ ድምፅ አለፈ። ሁለት ነገር ነበረው። አንዱ መራጩ እጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በደረጃ እንዲመርጥ ነው። ሌላው በየትኛውም ፓርቲ ያልተመዘገበ ሰው በፈለገው ፓርቲ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ድምፅ እንዲሰጥ ነው። የከተማዋ ምክር ቤት በ2025 በጀት ሲያጸድቅ ለመጀመሪያው ገንዘብ መደበ፣ ለሁለተኛው አልመደበም።

እኔ ይሄ ልክ አይደለም እላለሁ። ዲሲ ውስጥ ከተመዘገበው መራጭ ሦስት አራተኛው ገደማ ዴሞክራት ነው። ስለዚህ ከንቲባውም የዋርድ (የምርጫ ወረዳ) ተወካዩም የሚለየው ጁን ላይ፣ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ነው። ኖቬምበር ላይ የቀረው ማጽደቅ ብቻ ነው። ከስድስት መራጭ አንዱ ገደማ ግን ፓርቲ የለውም። ግብር ይከፍላል፣ ልጁን እዚሁ ያስተምራል፣ ዋናው ውሳኔ ላይ የለም።

ዴሞክራት ነኝ
ወንድሜ፣ ማን ከለከለው? መመዝገብ በነጻ ነው። መዋጮ የለም፣ ስብሰባ የለም። ፕራይመሪው 21 ቀን እስኪቀረው ድረስ ፓርቲ መቀየር ይቻላል። ፓርቲ እኮ ማኅበር ነው። የዕድር ዳኛ የሚመርጡት የዕድሩ አባላት ናቸው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ አይደለም።

ቻርተሩም (የከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ) አለ። ኮንግረስ በ1973 ያወጣው የሆም ሩል (የራስ አስተዳደር) ሕግ የከተማዋ ምርጫ በፓርቲ እንዲሆን ይላል። ቻርተሩን ደግሞ በኢኒሼቲቭ መቀየር አይቻልም። የዲሲ ዴሞክራቲክ ፓርቲ በ2023 ፍርድ ቤት የሄደው በዚሁ ነጥብ ነው።

ጥያቄውን ያነሳው
ዕድር ዳኛውን የሚመርጠው በራሱ ገንዘብ ነዋ! ፕራይመሪውን የሚያካሂደው የከተማዋ የምርጫ ቦርድ ነው። የሠራተኛው አበልም የወረቀቱ ሕትመትም ከሁላችን ግብር ይወጣል። በሁሉም ሰው ገንዘብ የሚካሄድ ምርጫ የአባላት ጉዳይ ብቻ ነው ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ኢኒሼቲቩ በፓርቲ መወዳደርን አላስቀረም። እጩው አሁንም ዴሞክራት ወይም ሪፐብሊካን ተብሎ ነው የሚቀርበው። የሚለወጠው ማን ድምፅ ይሰጣል የሚለው ነው።

ቻርተሩን ካነሳህ አይቀር ሌላውንም ገጽ እንየው። ከተማ አቀፍ ከሆኑት አራት የምክር ቤት ወንበሮች ሁለቱን ትልቁ ፓርቲ እንዳይወስድ ይከለክላል። ኬንያን ማክዳፊ በ2022 ዴሞክራትነታቸውን ትተው በገለልተኛነት ያሸነፉት አንዱን ነው። ለደረጃ ምርጫው ገንዘብ ያስመደቡት ክርስቲና ሄንደርሰንም ገለልተኛ ናቸው። ገለልተኛ ተመራጭ ቦታ ተጠብቆለት ገለልተኛ መራጭ ለምን ይቀራል?

የዋርድ 4 እናት
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ሰው መራጭ ሆኖ ሲመዘገብ ፎርሙ ላይ የፓርቲውን ሳጥን ለምን ባዶ እንደሚተወው አላነሳችሁም። እኔ በደርግ ጊዜ ነው ያደግኩት። የፓርቲ አባልነት እንጀራ ይሰጣል፣ እንጀራ ይነሳል፣ ሰውም ያስገድላል። ኢሕአዴግም ሲመጣ የአባልነት ፎርም ምን እንደነበር ታውቃላችሁ። እዚህ አገር እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ፓርቲህም ስምህ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። «ፎርም ሙሉ» ማለት ለሁሉም እኩል ቀላል አይደለም።

ዴሞክራት ነኝ
እትዬ፣ ያሉት እውነት ነው፣ የኔም አባት እንደዚያው ናቸው። ግን ለፓርቲው ደንታ የሌለው ሰው የፓርቲውን እጩ ሲመርጥ እጩውም ለአባላቱ መታመኑን ይተዋል። እኔ የምፈራው ይሄንን ነው። ኒው ዮርክ ላይ ከንቲባ ብሉምበርግ በ2003 ፓርቲ አልባ ምርጫ የሚል የቻርተር ማሻሻያ አቅርበው ነበር። ሕዝቡ በ70 በመቶ ገደማ ጣለው። ፓርቲ ይቅር የሚለው ሐሳብ ያን ያህል ተወዳጅ አይደለም።

የዩ ስትሪት አስተናጋጅ
ኒው ዮርኮች እምቢ አሉ፣ እምቢታቸው ተከበረ። እኛ እሺ አልን። እሺታችን የት ሄደ?

እኔን የሚያናድደኝ መደጋገሙ ነው። በ2018 ጉርሻ ተቀባይ ሠራተኛ ሙሉ መነሻ ደመወዝ እንዲከፈለው ኢኒሼቲቭ 77 አለፈ። ምክር ቤቱ በወራት ውስጥ ሻረው። በ2022 ኢኒሼቲቭ 82 በሰፊ ድምፅ አለፈ። በ2025 እሱንም ቀነሱት። የምግብ ቤት ባለቤቶቹ ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው፣ ጭንቀታቸውን አልንቅም። ግን ክርክሩ ከምርጫው በፊት ተደርጎ አልቋል። ኢኒሼቲቭ በራሱ በጀት መመደብ አይችልም፣ ቁልፉ ምክር ቤቱ እጅ ነው። 83ን በግልጽ ድምፅ ሰጥተው ቢሽሩት ማን ምን እንዳለ እናውቅ ነበር። ገንዘብ ሳይመድቡ ዝም ሲሉ ማንን ልጠይቅ?

ጥያቄውን ያነሳው
የዋርድህን ተወካይ ጠይቅ። በየዓመቱ በጸደይ የበጀት ሒሪንግ (ምክር ቤቱ የነዋሪውን ሐሳብ የሚሰማበት ስብሰባ) አለ፣ ማንም ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። በ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ያስተናግዳሉ። እንግሊዝኛችን ደካማ ነው ብለን የምንቀርበትም ምክንያት የለንም።

ዴሞክራት ነኝ
ሒሪንጉ ላይ እኔም እመጣለሁ። የምናገረው ግን ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ ፍርድ ቤት የቻርተሩን ነገር ቁርጥ ያድርግልን፣ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ።