የጋራ ዕቅድ ረቂቅ፦ «ሃይ ኑን» እንዴት ተሠራ?

ፀሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዕቅዱን እስከ ዓርብ ማስገባት አለብን። አንድ የቆየ የካውቦይ ፊልም እናሳያለን፤ ከዚያ ሲሠራ ስለገጠመው ጣጣ እንወያያለን። የትኛው ይሁን? አዳራሹ የተፈቀደልን ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው።

የፕሮግራም አስተባባሪ፦ የማይክል ቺሚኖ «ሄቨንስ ጌት»፣ 1980 (እ.ኤ.አ.)። ጣጣ ከተባለ እሱ ነው። ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር በላ። ኒው ዮርክ በተከፈተ በሳምንቱ ከሲኒማ ወረደ።

ገንዘብ ያዥ፦ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነው እኮ! ውይይቱን አስፋልት ላይ ልናደርግ ነው? «ሃይ ኑን» 85 ደቂቃ ነው። ቡና ሁሉ ይደርሳል።

ፀሐፊ፦ እሺ፣ «ሃይ ኑን»። ረቂቁ ላይ «ፊልሙ በገንዘብ እጥረት ተቸገረ» ብዬ ጽፌያለሁ።

አንጋፋ አባል፦ እሱ ይውጣ። ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። የፊልሙ ጸሐፊ ካርል ፎርማን ድሮ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር። በ1951 (እ.ኤ.አ.)፣ ቀረጻው ሳያልቅ፣ ኮሚኒስቶችን የሚያሳድደው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የሌሎችን ስም ጥራ አሉት፤ አልጠራም አለ። ሸሪኩ ስታንሊ ክሬመር ከፊልም ድርጅታቸው አስወጣው። ፎርማን በመጨረሻ ለንደን ገባ።

አሁን ፊልሙን እዩት። ማርሻሉን፣ የከተማዋን ሕግ አስከባሪ፣ ሊገድለው የሚመጣ ሰው በእኩለ ቀን ባቡር እየደረሰበት ነው። ቤት ለቤት እየዞረ አግዙኝ ይላል። አንዱ ወዳጁ በሚስቱ በኩል «የለም» ያስብላል። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይለምናል፤ ሕዝቡ ይከራከራል፣ ይከራከራል፣ የሚነሳ ግን የለም። ፎርማን የጻፈው የራሱን ነው።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ ይቅርታ። ታሪኩን የጀመረው መጥሪያው ሳይደርሰው ነው። «እየጻፈ ሳለ ደረሰበት፣ ጽሑፉም ወደዚያው አዘነበለ» ብንልስ?

አንጋፋ አባል፦ ልክ ነሽ ልጄ። እንደዚያ ይጻፍ።

የፕሮግራም አስተባባሪ፦ ፖለቲካ ብቻ ከሆነ ወጣቶቹ ይተኛሉ። የባቡሩን ነገር ጨምሩ። ዳይሬክተሩ ፍሬድ ዚነማንና ካሜራማኑ ፍሎይድ ክሮዝቢ ሐዲዱ ላይ ተጋድመው ባቡሩን እየቀረጹ ነው። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ቀጥሎ ጥቁር። እንዴት ያምራል እያሉ ያያሉ። ለካ ጥቁሩ ጭስ ፍሬን እምቢ አለ ማለት ነው! ለጥቂት ተረፉ። ካሜራው ደቀቀ፣ ውስጡ ያለው ፊልም ግን ደህና ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህስ ሰው ያመጣል። ማርሻሉን የተጫወተው የጋሪ ኩፐር ሕመምም ይግባ። ያ የከሳ፣ የተጨነቀ ፊት ሁሉም ትወና አይደለም። መጨረሻ ላይ የማርሻልነት ምልክቱን፣ ኮከቧን፣ አውልቆ የሚረግጣትም።

አዲስ አባል፦ አይረግጣትም! አፈር ላይ ጥሏት ነው የሚሄደው። ረገጣት ያለው ሌላው የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ጆን ዌይን ነው። ፊልሙን አጥብቆ ይጠላ ነበር። የሚገርመው ግን ኩፐር ኦስካር ሲያሸንፍ ወክሎት የተቀበለው እሱ ነው።

አንጋፋ አባል፦ ኩፐር ራሱም ቀኝ ዘመም ነበር። በ1947 እዚያው ኮሚቴ ፊት በገዛ ፈቃዱ መስክሯል፤ ስም ባይጠራም። ግን ከፎርማን ጎን ቆመ። ፎርማን ሊያቋቁመው ባሰበው አዲስ የፊልም ድርጅት ውስጥ ሊገባ ነበር፤ ጫናው ሲበዛ ወጣ። ይህን አታለሳልሱት። ውይይቱ እዚህ ጋ ነው የሚሞቀው።

ፀሐፊ፦ ገብቷል። ሰዓቱስ? ማታ ነበር ያልነው።

አዲስ አባል፦ ጠዋት ይሁን። የፊልሙ ታሪክ የሚሄደው ከግድግዳው ሰዓት ጋር ነው ማለት ይቻላል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ብንጀምር ባቡሩን የምንጠብቀው አብረናቸው ነው። ከእናቴ ጋር ሳየው ደግሞ ሰዓቱ ወደ 12 ሲጠጋ «ገና ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ምን አስቸኮላቸው?» አለችኝ። የነሱ 12 የኛ 6 መሆኑ መግቢያው ላይ ይነገር።

ፀሐፊ፦ ተስማምተናል። ዛሬ ማታ አስተካክዬ እልካለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥሪው ላይ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር 10:30 ብለህ እንዳትጽፍ። ወንበር ስናነሳ ነው የሚደርሱት።