ጥፋቱ የተሰናባቾቹ ነው ወይስ የአሰናባቾቹ? የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊዎች ክርክር

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ የዋሽንግተን ቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ እ.ኤ.አ. በ2019 ዋንጫ ካነሳ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ስድስት ዓመት በተከታታይ ከድሉ ሽንፈቱ በልጧል። በ2025 66 ጨዋታ አሸንፎ 96 ተሸንፏል። ለዚህ ተጠያቂው ማን ነው?

የአሌክሳንድሪያው፦
ጥያቄውን ያነሳሁት ተናድጄ ነው። ጁላይ 6 ቀን 2025 የክለቡ ባለቤት የሆነው የለርነር ቤተሰብ ዋና ሥራ አስኪያጁን ማይክ ሪዞንና አሰልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበተ። ያን ዕለት ቡድኑ 37 አሸንፎ 53 ተሸንፎ ነበር። በጊዜያዊ ኃላፊነት የተተኩት ሰዎች ቀሪዎቹን 72 ጨዋታዎች ይዘው 29 ብቻ አሸነፉ። ችግሩ ሁለቱ ሰዎች ከነበሩ እነርሱ ሲሄዱ ለምን አልተሻለንም?

እነዚህ ሰዎች በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን የተሸነፈ ቡድን ይዘው ዋንጫ ያመጡ ናቸው። ሁሉም አይቷል። በዋንጫው ፍጻሜ ሂዩስተንን በሰባት ጨዋታ ስናሸንፍ አራቱንም ድል ያገኘነው በሂዩስተን ሜዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቡ ቆመ። ኮከቦቻችን አንድ በአንድ ሄዱ፦ ብራይስ ሃርፐር ቀድሞውንም ሄዷል፤ አንተኒ ሬንዶን ዋንጫውን ባነሳበት ክረምት ሄደ፤ ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር በ2021 ለዶጀርስ ቡድን ተሰጡ፤ በ2022 ሁዋን ሶቶ ተከተለ። ሥራ አስኪያጅ ገንዘብ አያትምም። እኔ ጣቴን የምቀስረው በባለቤቶቹ ላይ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ወንድሜ፣ ንዴትህን እጋራለሁ፤ ፍርድህን ግን አልቀበልም። ገንዘቡ የቆመው ስለባከነም ጭምር ነው። ወርዋሪው (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች) ስቲቨን ስትራስበርግ በዲሴምበር 2019 ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት፤ በዚያ ውል ውስጥ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። በሽታ ነው፤ እርሱን አልወቅስም። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ ያን ያህል ከፍሎ ምንም ሳያገኝ ሲቀር ቀጣዩን ፊርማ ቢፈራ አይገርመኝም።

ሪዞን በተመለከተ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቡድን ሲፈርስ የሚተካው በየዓመቱ በሚደረገው የወጣቶች ምርጫ፣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት፣ ነው። ከ2009 እስከ 2011 ስትራስበርግን፣ ሃርፐርንና ሬንዶንን መረጠልን። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ በምርጫ የመጣ ኮከብ ንገረኝ። ሶቶ እንኳ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በታዳጊነቱ ፈርሞ የመጣ እንጂ በምርጫ የተገኘ አይደለም። ማርቲኔዝም በጁን 2025 ሽንፈት ሲደራረብ ጥፋቱ የአሰልጣኞቹ ሳይሆን የተጫዋቾቹ ነው ብሎ ተናገረ። የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ልጆችን የሚያሠለጥን ሰው እንዲህ ሊናገር አይገባም ነበር። እኔ ያን ዕለት ተስፋ ቆረጥኩበት።

የጆርጂያ አቬኑው አዛውንት፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ከሰገነቱ ላይ ሆናችሁ ሜዳውን ብቻ ነው የምታዩት። እኔ ይህን ቡድን ከሞንትሪያል ተነሥቶ በ2005 እዚህ ሲመጣ ጀምሮ፣ ገና በአሮጌው አር ኤፍ ኬ ስታዲየም ሲጫወት ሳለ አውቀዋለሁ። በ2008 የተከፈተው አዲሱ ሜዳ በማን ገንዘብ ተሠራ? ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣው ከዲስትሪክቱ፣ ማለትም ከዲሲ ከተማ አስተዳደር፣ ነው። ከተማዋ ተበድራ ሠራችው፤ ብድሩም ከትላልቅ ነጋዴዎች በሚሰበሰብ ልዩ ክፍያ፣ ከመሥሪያ ቤቶች የኃይል ፍጆታ ግብርና በሜዳው ከሚሸጠው ትኬትና ምግብ ላይ በሚነሣ ግብር እንዲከፈል ተደረገ። ስለዚህ ይህ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕዝብ ሜዳ ሠርቶ ሲሰጥ በምላሹ ቢያንስ ለማሸነፍ የሚሞክር ቡድን ይጠብቃል።

የምንሰማው ግን በየዓመቱ ያው ነው፤ ወጣቶቹ እየመጡ ነው፣ ታገሡ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በ2022 107 ጨዋታ ስንሸነፍ ታገሥን። በ2023 እና በ2024 ሁለቱንም ዓመት 71 አሸንፈን 91 ስንሸነፍ መሻሻል ነው ተባልን። በ2025 ወደ ኋላ ተመለስን።

የባልቲሞሩ፦
እንደምን አላችሁ። እኔ የኦሪዮልስ ደጋፊ ነኝ፤ ሆኖም መፍረስና መታነጽ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለምና ልናገር። በ2018 115 ጨዋታ ተሸነፍን። በ2021 110 ተሸነፍን። በ2023 101 አሸነፍን። ስለዚህ ጋሼ፣ ትዕግሥት ወተት አያወጣም አይበሉ፤ እኛ ቀምሰነዋል።

ግን ቀጥሎ የሆነውንም ስሙ። ምርጡ ወርዋሪያችን ኮርቢን በርንስ ከ2024 በኋላ በ210 ሚሊዮን ዶላር ወደ አሪዞና ሄደ፤ የእርሱን የሚያህል ወርዋሪ አልተገዛም። በ2025 75 አሸንፈን 87 ተሸነፍን፤ አሰልጣኙም በሜይ ወር ተባረረ። ወጣቶችን ማሳደግ ግማሹ ሥራ ነው። ሌላውን ግማሽ የሚሠራው የባለቤቱ ኪስ ነው። በዚህ ነጥብ ከአሌክሳንድሪያው ወንድማችን ጋር እስማማለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ከባልቲሞር ይህን መስማቴ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ስለ ኪስ ከተነሣ የኪሱ አንዱ ቀዳዳ የእናንተ ቡድን ነበር። የናሽናልስ ጨዋታዎች በሚተላለፉበት ጣቢያ ላይ የባለቤትነቱ አብላጫ የኦሪዮልስ ነበር፤ ከቴሌቪዥን ልናገኝ የሚገባን ገንዘብ ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲጓተት ቆይቶ የተቋጨው በማርች 2025 ነው። ይህም በሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

የሶቶን ጉዳይ ደግሞ ላንሣ፤ ሁሉም እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። በ2022 ለአሥራ አምስት ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር ቀረበለት፤ አልፈልግም አለ። ውሉ ከ2024 በኋላ ያበቃ ነበር። ዝም ብለን ብንጠብቅ በነጻ ይሄድ ነበር። ኦገስት 2 ቀን ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳን ዲዬጎ ተላከ፤ በምትኩ ሲ ጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድና ሌሎችም መጡ። ኤብራምስ በ2024፣ ጎርና ዉድ በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል። ከአንድ ዝውውር ሦስት! ዉድ ደግሞ የሜሪላንድ ልጅ ነው፤ ያደገው እዚሁ አጠገባችን፣ ኦልኒ ነው። በ2025 31 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳ አጥር ውጭ የሚያሳርፍ ምት) መታ። ጁን 29 ቀን የኤንጀልስ ቡድን ወርዋሪዎች ሊመታው የሚችል ኳስ ሊወረውሩለት ፈርተው በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው ወደ አንደኛ ቤዝ ሸኙት፤ ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ በኋላ ማንም እንዲህ ተፈርቶ አያውቅም። በዚያ ዓመት 221 ጊዜ ኳሱን ሦስቴ ስቶ ከመምታት ተራው መውጣቱን ታነሱብኛላችሁ። አውቃለሁ። ልጁ ያኔ ገና ሃያ ሦስተኛ ዓመቱን መያዙ ነበር።

የአሌክሳንድሪያው፦
እህቴ፣ የሶቶን ዝውውር እኔም እደግፋለሁ፤ እዚያ ላይ አልተጣላንም። ያንን ዝውውር ያደረገው ማን ነው? ያባረሩት ሪዞ ነው! ሥራ አስኪያጁ ግማሹን ሥራ ሠርቶ ሦስት ኮከቦችን አስረከበ። ሌላው ግማሽ የባለቤቶቹ ነበር። በዲሴምበር 2024 ምን ሆነ? ሶቶ ከኒው ዮርኩ ሜትስ ቡድን ጋር በ765 ሚሊዮን ዶላር ለአሥራ አምስት ዓመት ፈረመ። በዚያው ወር እኛ ማንን አስፈረምን? ከሶቶ ጋር አብሮ የሰጠነውን ጆሽ ቤልን፣ ለአንድ ዓመት፣ በስድስት ሚሊዮን። ቤልን አልንቅም፤ ጨዋ ባለሙያ ነው። ግን ዉድን፣ ኤብራምስንና ጎርን የያዘ ቡድን ክረምቱን እንዲህ ያሳልፋል?

ማርክ ለርነር ራሱ ከ2025 የውድድር ዘመን በፊት ሁለትና ሦስት ጨዋታ ጨምሮ ለማሸነፍ ሲባል ለአንድ ኮከብ መቶ ሚሊዮኖች መክፈል ትርጉም የለውም የሚል ሐሳብ ሰንዝሯል። ደጋፊ ይህን ሰምቶ ትኬት የሚቆርጠው ለምንድን ነው? ተጫዋቾቹስ ይህን ሰምተው ምን ይሰማቸዋል? በ2022 ክለቡን ለመሸጥ እያሰብን ነው አሉ፤ በ2024 አንሸጥም አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማን እንደሚመራው የማይታወቅ ክለብ ውስጥ ምን ዕቅድ ይወጣል?

የጆርጂያ አቬኑው አዛውንት፦
ይህን ነው የምልህ ልጄ። ሆኖም አንተ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሜዳውን የሠራው የዲሲ ግብር ነው። ቁጣው ከአንተ ይልቅ ለእኔ ይገባኛል።

የአሌክሳንድሪያው፦
እውነትዎን ነው ጋሼ፤ ቁጣዎን አልቀማዎትም። ከእርስዎ ጎን ግን እቆማለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እሺ፣ በባለቤቶቹ ላይ ያላችሁትን ግማሹን ተቀበልኩ። በተሰናባቾቹ ቦታ የተሾሙትን አዲሶቹን ግን ገና ከጅምሩ አትኮንኗቸው። ከቦስተን የመጣው የቤዝቦል ሥራ ኃላፊ ፖል ቶቦኒ ሲሾም 35 ዓመቱ ነበር፤ አሰልጣኙ ብሌክ ቡቴራ 33። ቡቴራ በታምፓ ቤይ ወጣቶችን ሲያሳድግ የኖረ ሰው ነው። ታምፓ ቤይ በትንሽ ገንዘብ ስንት ዓመት እንደተፎካከረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ የጎደለን ያ ነው፤ ወርዋሪዎቻችን ወደ ዋናው ቡድን ሲደርሱ የሚሻሻሉበትን አሠራር አልነበረንም። በ2025 በመጀመሪያ ዙር አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ኢላይ ዊሊትስም ሲመረጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ እርሱን የሚቀርጽ ሰው ያስፈልጋል።

የባልቲሞሩ፦
የታምፓ ቤይ ምሳሌ ያስፈራኛል። እነርሱ ብልህ ናቸው፤ ገንዘብ ግን ስለሌላቸው ኮከቦቻቸውን ሁልጊዜ ይሸጣሉ፤ ዋንጫም አንሥተው አያውቁም። ዋሽንግተን ከአሜሪካ ትላልቅ ከተሞች አንዷ ናት። ባለቤት እንደ ድሃ ለመኖር ምክንያት እንዲያገኝ አትርዱት።

የአሌክሳንድሪያው፦
ልጆቹን በዕድሜያቸው አልጠላቸውም፤ ቡቴራ እንዲሳካለት እጸልያለሁ። መለኪያዬን ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ጄምስ ዉድ ከ2030 በኋላ ወደፈለገው ክለብ ለመሄድ ነጻ ይሆናል። የለርነር ቤተሰብ ለኦልኒው ልጅ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ሳይሆን አሁን፣ ገና ዋጋው ሳይወደድ፣ የረጅም ጊዜ ውል ያቅርብለት። ከዚያ ጎን አንድ የታወቀ ወርዋሪ ይግዛ። ሁለቱ ከሆኑ ሪዞን ያባረሩት ለማሸነፍ ነው ብዬ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
በዉድ ውል ከአንተ ጋር ነኝ። ወርዋሪ ለመግዛት ግን አንድ ዓመት ስጣቸው።

የጆርጂያ አቬኑው አዛውንት፦
እኔ አልሰጥም። ስድስቱን ሰጥቻለሁ።